ኢርማ ሳንዶቫል የተጫወተችው

ፖስታውን በምላሷ አርሳ ስታሽገው ሙጫው መረራት።

ሣህሊቱ መኪናዋን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከእትዬ ታደለች ምግብ ቤት ትይዩ አቁማ፣ መስኮቱን ዘግታ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ትናንት በላፕቶፗ የቀዳችው፣ ፊቱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሲዲ አለ። ሲዲው ሁለት ሙዚቃ ይዟል፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። የሹበርትን አንድ ሶናታ ዝግተኛ ክፍል፣ አንዲት ሃንጋሪያዊት አንድ ቀን ስቱዲዮ ገብታ የተጫወተችውን፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ቀድታዋለች። በታሸገው ፖስታ ውስጥ ያለው ወረቀት ይህንኑ ይናገራል፦ «ኢሎና ቬርቴሽ። ሁለቱም እሷው ናት። ልዩነት የሰማ ሰው ያልነበረውን ሰምቷል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስቴ ቀዳዳታለች። መጀመሪያ «ዲግሪ ጆሮ አይሆንም» ብላ ነበር፤ ይህ ቅናቷን አደባባይ የሚያወጣ ሆነባት። አሁን የሰፈረችው ግን ቀዝቃዛ ናት፣ ማንንም በስም አትጠራም። የምትመታውን ሰው ራሷ ፈልጋ ታገኛለች።

ዛሬ ተረኛዋ ሣህሊቱ ናት። ማኅበሩ ጻድቅም ታቦትም የለውም እንጂ ሥርዓቱ የጽዋ ማኅበር ነው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አምስት ሰዎች በእትዬ ታደለች ምግብ ቤት የጓዳ ክፍል ይሰበሰባሉ። ተረኛው ክላሲካል ሙዚቃ ያመጣል፣ የተጫዋቹን ስም ሳይናገር ያሰማል፣ ሁሉም የሰማውን ይናገራል፣ በመጨረሻ ፖስታ ተከፍቶ ስሙ ይነበባል። በቀሩት ቀናት ደግሞ በቫይበር ግሩፓቸው ላይ «አሁን የምሰማው» ብሎ የፈለገ ይጽፋል። ሕጉ አንድ ነው፤ በዚያች ደቂቃ በእርግጥ ጆሮህ ውስጥ ያለውን ብቻ። የትናንቱን እንደ ዛሬ አድርጎ መጻፍ ጾም ከመግደፍ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያወጡት የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ጋሼ ሰይፈሥላሴ ናቸው።

ጋሼን ያገኘቻቸው ከአራት ዓመት በፊት፣ ሳንታ ሞኒካ፣ አንድ ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ በር ላይ በምትሠራባት የመስታወት ጎጆ ነው። ያኔ ታክሲ ይነዱ ነበር። ከጎጆዋ ራዲዮ የሚወጣውን ፒያኖ ሰምተው፣ የዘረጋችላቸውን ካርድ ሳይቀበሉ፣ «ይቺ ማን ናት የምትጫወተው?» አሏት።

«እኔ ምን አውቄ፤ ራዲዮው ነው» አለቻቸው።

ከኋላቸው የቆመው መኪና ጥሩንባውን ሲያንባርቅባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሱም። «ራዲዮ አይጫወትም፤ ሰው ነው የሚጫወተው» ብለዋት ሄዱ። በማግሥቱ አንድ ሲዲ በመስኮቱ አቀበሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ማኅበሩም ግሩፑም ሳይኖር፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ይንጫጫል፦ «አሁን የምሰማው...»። ለእሷ ብቻ።

«ማንም አላስተማረኝም» ትላለች ሣህሊቱ፤ እውነቷንም ነው። ጋሼ ሲዲ ያውሷታል እንጂ አስረድተዋት አያውቁም። የቀረውን በመዝገበ ቃላት፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሳ፣ መኪና በማይገባበት ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ነው ያገኘችው። የከሰዓቱን ፈረቃ የምትረከባት ኤልሳልቫዶራዊት ኢርማ ሳንዶቫል ጎጆዋ ውስጥ በገባች ቁጥር፣ «ከእነዚህ ሙታን ጋር አንድ ቀን ታብጃለሽ» እያለች ራዲዮውን ወደ ጭፈራ ጣቢያ ታዞረዋለች። ሣህሊቱ ይህን እንደ ምስጋና ትቀበለዋለች።

ሃንጋሪያዊቷንም ራሷ ነበር ያገኘቻት። ቤተ መጻሕፍቱ ሊጥላቸው በካርቶን ካወጣቸው ሲዲዎች ሥር፣ ሽፋኑ የተሰነጠቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ ሰማችው። አንድም ቀን «አሁን የምሰማው» ብላ አልጻፈችውም። ሌላውን ሁሉ ታካፍላለች፤ ይህን ግን እንደ እናት ወርቅ ሸሸገችው።

ከዚያ ናዝራዊት መጣች።

የእትዬ ታደለች የክርስትና ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ባልድዊን ሂልስ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ቼሎ ተምራ የጨረሰች። በመጋቢት ወር አንድ እሑድ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ሰማች። ተራዋ ሲደርስ በእንግሊዝኛ በተቀላቀለ አማርኛዋ ስለ ባሱ አካሄድ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ያቺን የወንበር መዞር ሣህሊቱ እስከ ዛሬ ታያታለች። ልጅቷ ጋሼን «አንተ» ነው የምትላቸው። ሣህሊቱ ሽማግሌው እስኪቆጡ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ከባድ ካፖርት እንዳወለቁላቸው ሰው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱ መልእክት መልኩን ለወጠ። «አሁን የምሰማው... ናዝሪ እንዳለችኝ የታችኛውን ድምፅ መከተል ነው።» «ናዝሪ የላከችልኝን ደግሜ...»። ናዝሪ! እሷን አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ ሣህሊቱ» ነው የሚሏት። ስሟን አሳጥረውት አያውቁም፤ እንደ ቀበሌ መዝገብ።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ጋሼ በግሩፑ ላይ ጻፉ። ወደ አረጋውያን አፓርታማ፣ ወደ አንዲት ክፍል ሊዛወሩ ነው። የሸክላና የሲዲ ቁም ሣጥናቸው እዚያ አይገባም። «ቁልፉን የሚረከበውን በሚመጣው እሑድ እናገራለሁ።»

ያንን ቁም ሣጥን ሣህሊቱ በጠረኑ ታውቀዋለች። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ የእሷ ጣት ያልነካው ሽፋን የለም። አንድ ጊዜ በሩን ሲዘጉ «ይህ ሁሉ አንድ ቀን የሚሰማው ሰው ይፈልጋል» ብለው ነበር፤ ሲናገሩ ያዩት እሷን ነው። ቃል አልገቡም፤ እሷ ግን ቃል አድርጋ ወሰደችው።

ስለዚህ ሲዲውን ቀዳች። ሌላም የጋሼ ሕግ አለ፤ አስተያየት ከታናሽ ነው የሚጀመረው፣ ማንም በታላቅ ጀርባ እንዳይደበቅ። ታናሿ ናዝራዊት ናት። በተማረችው ቋንቋ ሁለቱን «ተጫዋቾች» አንድ በአንድ ትለያለች፤ ያኔ ሣህሊቱ ሌላው ሳይናገር ፖስታውን ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ለማን እንደሚገባ ጋሼ ራሳቸው ያውቁበታል።

መኪናዋን ቆልፋ መንገዱን ተሻገረች።

በጓዳው ክፍል የጤፍ ዱቄት ከረጢት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። እትዬ ታደለች የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንደለበሱ ሳምቡሳ በትሪ ያስቀምጣሉ። ዮፍታሄ፣ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ የሚያደርገው፣ የሥራ ሸሚዙን ሳይቀይር መጥቶ አንዱን ሳምቡሳ ጀምሮታል።

«እህ ሣህሊቱ፣ ዛሬ የሠርግ ነው ያመጣሽልን ወይስ እንደ ወትሮው ለቅሶ?»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የለየኸው?»

«እኔማ እለያለሁ። በሠርግ ሳምቡሳ ይበዛል።»

«አፍህን ሞልተህ አታውራ፣ ዘይቱ ስፒከሩ ላይ ይፈናጠራል» አሉ እትዬ ታደለች።

ጋሼና ናዝራዊት አብረው ገቡ። ልጅቷ ናት በመኪናዋ ያመጣቻቸው። ይህም የሣህሊቱ ሥራ ነበር፤ ባለፈው ወር «አንቺ አትድከሚ፣ ናዝሪ መንገዷ ነው» አሏት። መንገዷ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ይህን አያጣውም። ጋሼ ከስተዋል። ሲቀመጡ ግራ ጆሮአቸውን ወደ ስፒከሩ አዞሩ፤ ይህን ልማድ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው ያመጡት። በእጃቸው የድሮው የታክሲ ቁልፍ ማንጠልጠያ አለ፤ አሁን የቀረበት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ ትንሽ፣ ነሐስማ። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሣህሊቱ ከቁልፉ ጎን ፖስታዋን አስቀመጠች።

«አንድ ሙዚቃ ነው፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው» አለች። ድምፅዋ እንዳሰበችው ለሰለሰላት። «ሁለቱም ሴቶች። በመካከላቸው ሠላሳ ዓመት አለ።»

ሙዚቃው ጀመረ። ቀኝ እጅ መሐል ላይ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ዜማውን ይይዛል። ግራ እጅ ከታች ይነሣና፣ የተኛ ልጅ እንደሚሻገር ሰው ቀኙን ሳይነካ ተሻግሮ ወደ ላይ ይደርሳል፤ አንዲት ድምፅ ጠብ አድርጎ ይመለሳል። ሁለት ዓመት የደበቀችው ነገር በሳምቡሳ ሽታ መሐል አደባባይ ወጣ። ሣህሊቱ ግን አልሰማችውም። የናዝራዊትን ፊት ነበር የምታየው።

አለቀ። ሁለተኛው ጀመረ።

መሐሉ ላይ፣ ሐዘኑ ለጥቂት ተገፎ ሞቅ ያለው ዜማ ሊገባ ሲል፣ ናዝራዊት ቀና አለች። ስፒከሩን አየች፤ ከዚያ ሣህሊቱን አየች። ወዲያው ዓይኗን ወደ ጣቶቿ መለሰች። «ቃል እየመረጠች ነው» አለች ሣህሊቱ በልቧ። «ምረጪ፣ የኔ እመቤት። የሚያምረውን ምረጪ።» ጋሼም በዚያችው ቅጽበት ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ ብለው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም፣ ልትጠይቅም አልፈለገችም። እትዬ ታደለች እንደ ልማዳቸው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል።

የመጨረሻው ድምፅ ጠፋ።

«እሺ» አለች ሣህሊቱ። «ከታናሽ ነው። ናዝራዊት።»

ልጅቷ ጸጉሯን ከጆሮዋ ጀርባ አደረገች። «ሶ... ዛሬ ጋሼ ይጀምር። ጋሼ፣ አንተ ጀምር። ማሚ ሁልጊዜ ትላለች፣ ትልቅ ሰው እያለ ልጅ አይቀድምም።»

«ሕጉ...» አለች ሣህሊቱ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉ ጋሼ። «አንድ ቀን ልሻረው። ዛሬ የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ሰፈሬ ሩቅ ነው።»

ሣህሊቱ እጇን አነሣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይቀድሙ...» ብላ ሳትጨርስ ሽማግሌው ጀመሩ።

«የመጀመሪያዋ ሐዘኑን ታውቀዋለች» አሉ። ዝግ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ። «ተለማምዳዋለች። ግራ እጇ ሲሻገር ዝም ብሎ ይሻገራል፤ ቤቱን ያውቀዋል፣ በጨለማም አይደናቀፍም። ሁለተኛዋ ግን ትዘገያለች። ብዙ አይደለም፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል። መሻገሪያው ላይ ቆም ትላለች። የተኛው ይነቃብኛል ብላ የምትፈራ ሴት ናት። እኔ የመጀመሪያዋን አከብራታለሁ። ቤቴ እንድትመጣ የምፈልገው ግን ሁለተኛዋን ነው።»

ዮፍታሄ እንኳ ማኘኩን አቁሟል። በአራት ዓመት ውስጥ ጋሼ ስለ አንድ ቅጂ እንዲህ ተናግረው አያውቁም፤ ያማረውን ንግግር ሁሉ የተናገሩት ደግሞ ስለሌለች ሴት ነው። ግራ ጆሮአቸው፣ ክሳታቸው፣ የጠዋቶቹ መልእክቶች፣ «ናዝሪ እንዳለችኝ» የሚለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሌላ ትርጉም ይዞ ሣህሊቱ ፊት ቆመ። ጆሮአቸው እየከዳቸው ቢሆንስ? ሰው የሚያወራላቸውን ነው የሚሰሙት ቢሆንስ?

«ናዝሪስ?» አሉ ጋሼ።

ናዝራዊት ሣህሊቱን አላየቻትም። «እኔ... ከጋሼ ጋር አግሪ አደርጋለሁ። ሁለተኛዋ ስሎው ናት።»

«እኔ እንኳን» አለ ዮፍታሄ፣ «ሁለቱም አንድ ናቸው ልል ነበር። ጋሼ ሲናገሩ አፈርኩና ዋጥኩት።»

«ዋጠው፤ ከሳምቡሳው ጋር ይሄድልሃል» አሉ እትዬ ታደለች ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው። «እኔ የተኛሁት በሁለተኛዋ ነው። ስለዚህ የምትበልጠው እሷ ናት።»

ሳቁ። ዮፍታሄ እጁን ወደ ፖስታው ዘረጋ። «በሉ ስማቸውን እንስማ።»

«ተረኛዋ ማን ናት?» ብላ ሣህሊቱ ቀማችው። ካሰበችው በላይ የጮኸች መስሏት አፈረች። ፖስታውን ቀደደችው።

የራሷ የእጅ ጽሑፍ ተመለከታት። «ልዩነት የሰማ ሰው ያልነበረውን ሰምቷል።» ማንንም በስም አትጠራም ብላ የኮራችባት ዓረፍተ ነገር አሁን ስም አላት፤ ጋሼ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ከስተዋል፣ ግራ ጆሮአቸውን አዙረው ይጠብቃሉ። ካነበበችው ናዝራዊትም አብራ ትወድቃለች፤ «አግሪ አደርጋለሁ» ብላለችና። ሁለቱም በአንድ ድንጋይ። እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም እንደማይመጣ ታውቃለች፤ አፏንም ከፍታለች። የዮፍታሄ ጫማ ወለሉን ይመታል፣ ጠረጴዛው ላይ ቁልፉ ያበራል።

«የመጀመሪያዋ» አለች፣ «ኢሎና ቬርቴሽ። ሃንጋሪያዊት።»

«ሁለተኛዋስ?» አሉ ጋሼ።

ወረቀቱን ተመለከተች። ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም የለም። በዓለም ላይ ያሉ ፒያኖ ተጫዋቾች ሁሉ፣ ለዓመታት በልቧ የያዘቻቸው ስሞች ሁሉ፣ እንደ ፈሩ ወፎች ብን ብለው ጠፉ።

«ኢርማ ሳንዶቫል» አለች። «የኤልሳልቫዶር ሰው ናት።»

«ኢርማ ሳንዶቫል» ብለው ደገሙት ጋሼ፣ ስሙን በምላሳቸው እየመዘኑ። «ስሟን ሰምቼ አላውቅም። አያችሁ፣ እንዲህ የሚጫወቱት ስም የሌላቸው ናቸው።»

ሣህሊቱ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ጋሼ ቁልፉን አነሡ። ንግግር አላደረጉም። «ሣጥኑን ናዝሪ ትይዘው» አሉ። «የእናቷ ቤት የመኪና ጋራዥ ሰፊ ነው፣ ደረቅም ነው። ሸክላ እርጥበት አይወድም።»

ይኸው ነው። ስለ ጆሮ አንድ ቃል የለም። ስለ ታችኛው ድምፅ፣ ስለ ዲግሪ፣ ስለ አራት ዓመት ጠዋቶች አንድ ቃል የለም። ወጥመድ ስታጠምድ ያደረችው ከአንድ ጋራዥ ጋር ለመወዳደር ኖሯል። ሣህሊቱ ሳቋ መጣ፤ አፏ ውስጥ ሲደርስ የፖስታው ሙጫ ጣዕም ሆነ።

ዮፍታሄና እትዬ ታደለች ሲነሡ ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ሣህሊቱ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ያቺን ሁለተኛዋን አውሺኝ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ከእሷ ምንም ተውሰው አያውቁም። ሲዲ ከእሳቸው ወደ እሷ ነበር የሚፈሰው፣ ሁልጊዜ በዚያ መስኮት፣ በዚያ አቅጣጫ። እሷም አንድ ቀን እንዲህ ብለው እንዲጠይቋት የጠበቀችውን ያህል ቁልፉን አልጠበቀችም ነበር፤ ይህን ያወቀችው አሁን፣ ሲጠይቋት ነው። የጠየቋትም የሌለውን ነው።

ሲዲውን ከማጫወቻው አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ምንም ያልተጻፈበትን ፊቱን ገለበጡት፣ ኮታቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ጋ ከተቱት።

ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መኪና ማቆሚያ ናዝራዊት ጋሼን እየጠበቀች ነበር፤ እሳቸው ከእትዬ ታደለች ጋር በር ላይ ስንብት ይዘዋል። ሣህሊቱ ልታልፋት አሰበች።

«ሣህሊቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ።»

«ሲዲው... ሁለቱም ያው ነው አይደል? በስህተት ሁለቴ ኮፒ ያደረግሽ መሰለኝ። ለዚያ ነው ጋሼ ይጀምር ያልኩት። ሰው ፊት እንድታፍሪ አልፈለግሁም።»

ስድብ ቢሆን ሣህሊቱ መልስ ነበራት፤ ለደግነት ያዘጋጀችው ነገር አልነበረም።

«በምን አወቅሽ?»

«ወንበሩ። መሐሉ ላይ ዜማው ሊቀየር ሲል ወንበሯ ይጮሃል አይደል? ሁለቱም ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ።» ልጅቷ አንገቷን ዘመም አደረገች። «አልሰማሽውም?»

ሁለት ዓመት። ለማንም ያላካፈለችው፣ በጎጆዋ፣ በመኪናዋ፣ በአልጋዋ ላይ የሰማችው ሙዚቃ። ወንበር?

«ሰምቼዋለሁ» አለች ሣህሊቱ። ኩራቷ ግን በዚህ ውሸት ላይ መቆም አልቻለም። «ስህተትም አልነበረም። ላንቺ ያጠመድኩት ነበር።»

«ለእኔ?»

«ላንቺ።»

ነገሩ ለናዝራዊት ቀስ ብሎ ሲገባት፣ ከተረዳች በኋላም ፊቷ ሲዘጋ ታየ። «ኦኬ» አለች። ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። «ይህንን ትፈልጊያለሽ? ሲሪየስሊ። እኔ አልጠየቅሁትም።»

«የጋራዥ በር መጠበቅ ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬ ነው። እሑድን አልጨምርበትም።»

ልጅቷ ቁልፉን መልሳ ያዘችው። ጋሼ በዝግታ እየመጡ ነው። ናዝራዊት የመኪናውን በር ልትከፍትላቸው ስትዞር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢርማ ሳንዶቫል ግን ማን ናት?» አለች።

«ከሰዓት በኋላ ፈረቃዬን የምትረከበኝ።»

ናዝራዊት ሳቀች፤ ሳትፈልግ፣ አፏን በእጇ ይዛ። ሣህሊቱ አልሳቀችም። ይህ ሳቅ ደግሞ ጥሩ ሳቅ መሆኑ አናደዳት።

ሰፈሯ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው የመኪና ቦታ ስትሰጥ የምትኖር ሴት ለራሷ ቦታ ፍለጋ ብሎኩን አራት ጊዜ ዞረች። በመጨረሻ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት ክፍት አግኝታ ሞተሩን ስታጠፋ ስልኳ ነዘረ። ግሩፑ ነው። ጋሼ።

«አሁን የምሰማው፦ ኢርማ ሳንዶቫል፣ ሹበርት። እንዳልኩት ትዘገያለች፤ ቃሌን አላነሣም። ወንበሯ ግን የኢሎና ወንበር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ የሚጮህ ወንበር የሠራ አናጢ ይባረክ። ሣህሊቱዬ፣ ይህን ነገር እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው?»

አንድ ጊዜ አነበበችው። ደገመችው። ይስቁባት ይሁን፣ ይቅር ይበሏት ይሁን፣ ወይስ ያቺ ያልነበረች ሴት በእርግጥ ለእሳቸው ትዘገይ እንደሆነ ከፊደሎቹ ልታወጣ አልቻለችም። ያወቁት ቤታቸው ገብተው ነው? ወይስ ያኔ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ሲሉ? ጆሮአቸው ግን አለ። አለ፤ እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ የሰው ፊት ስታይ ነበር። ደረቷ ውስጥ እፎይታ የሚመስል ነገር ሲነሣ፣ ያ የለመደችው ቅናት ከኋላው ተከትሎት መጣ። ልጅቷ ሰምታዋለች። ሽማግሌው ሰምተውታል። የሲዲው ባለቤት፣ እሷ ብቻ ናት ያልሰማችው።

ሣህሊቱዬ ያሏትንም ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

መልስ ልትጽፍ ጣቷን አነሣች። ከመልእክቱ ሥር ትንሽ ጽሑፍ ብልጭ ብልጭ አለ፦ ናዝራዊት እየጻፈች ነው። ቆመ። እንደገና ጀመረ። እየጻፈች ነው።

ሣህሊቱ ስልኩን በአፍጢሙ ደፋችው። ከመኪናው ኪስ ሽፋኑ የተሰነጠቀውን ሲዲ አወጣች፣ ማጫወቻው ውስጥ ከተተች፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽኖች ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን እስከ ጫፍ ዘጋች። ቀኝ እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ጀመረ። ግራው ተነሣ፣ ተሻገረ፣ ተመለሰ። መቀመጫው ላይ ስልኩ ነዘረ፤ አላነሣችውም። አንገቷን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ወንበሩ እስኪጮህ ጠበቀች።